ማስረሻ ማንን ሊያስረሳ መጣ? ስለ ሞት፣ ስለ መርዶና ስለ ምትክ

በገዴራ፣ በቂርያት ማልአኪ ወይም በያቭኔ የሚኖር የአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የአያቶች፣ የአጎቶችና የአክስቶች ስም በተርታ ቢጻፍ ካሳ፣ ካሳነሽ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ ከሚሉት አንዱ አይጠፋም። እኛ እዚህ የተወለድነው እነዚህን ስሞች ስንሰማ ኖረናል፤ ትርጉማቸውን ግን አብዛኞቻችን ጠይቀን አናውቅም። እኔም የጠየቅሁት የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ስለ ሐዘን የሚያስተምር ኮርስ ስወስድ ነው። መምህሯ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ እንድንሥልና የሞቱትን በምልክት እንድናስቀምጥ አዘዘችን። እኔ ስሞቹን ስጽፍ ምልክቱ ስሙ ውስጥ እንዳለ አየሁ።

ካሳ ለጠፋ ነገር የሚከፈል ነው። ምትኩ «የእሱ ምትክ» ማለት ነው። ማስረሻም የሚያስረሳ። ከዚህ ልጅ በፊት ሌላ ሰው ነበረ፣ እሱም ሄደ፣ ይህኛው ከእሱ በኋላ መጣ ይላሉ። በ1990 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በኢትዮጵያ ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከአምስት አንድ ማለት ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን በወለዱበት ገጠር፣ ክሊኒክ በእግር የአንድ ቀን መንገድ በሆነበት አገር፣ የወለደቻቸውን ሁሉ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች እናት ዕድለኛ ትባል ነበር።

ሆኖም ለተማሪ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ካሳ የተባለ ሁሉ ወንድሙ ሞቶበት አይደለም። ለሞተ አባት፣ ለጠፋ ሀብት፣ ለከሸፈ ተስፋም ካሳ ይባላል። ስሙን አይታችሁ ታሪኩን አትገምቱ፤ ጠይቁ።

ይህ የስም አወጣጥ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ሔዋን አቤል ከተገደለ በኋላ ሌላ ልጅ ትወልዳለች፤ እግዚአብሔር በአቤል ፈንታ ሌላ ዘር ተካልኝ ብላ ስሙን ሴት አለችው። (በአማርኛ ሲነበብ ያስቃል፤ ስሙ ግን ከሴትነት ጋር ግንኙነት የለውም፣ ከዕብራይስጡ «ሻት» ነው፣ አኖረ ወይም ተካ።) ቃል በቃል ካየነው ሔዋን ልጇን «ተካ» ብላዋለች። በምዕራፍ 41 ደግሞ ዮሴፍ በግብፅ የመጀመሪያ ልጁን ምናሴ ይለዋል፣ እግዚአብሔር ድካሜንና የአባቴን ቤት አስረሳኝ ሲል። ምናሴ በአማርኛ ምን ይሆናል? ማስረሻ!

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በዓሊያ የመጡ ብዙ ወላጆቻችን በመቀበያ ማእከልና በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ማስረሻ ሞሼ ይሆናል፣ ምትኩ ሚካኤል፣ በድምፅ መመሳሰል ብቻ። የጠየቀ ቢኖር የማስረሻ ትክክለኛ ዕብራይስጥ ሜናሼ እንደሆነ ባገኘው ነበር። የተለወጠው ስም ጆሮ ላይ ቀላል ነው፤ ግን በአንድ መንደር ከአንዲት ዋርካ ሥር የተቀበረ ሕፃን የመጨረሻ ምልክቱ አብሮ ጠፋ። ስም ሲለወጥ የሚጠፋው የባለስሙ ማንነት ብቻ ይመስለናል። ከእሱ በፊት የነበረውም ይጠፋል።

በመማሪያ መጽሐፎቻችን ይህ ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። አልበርት ኬንና ባርባራ ኬን የተባሉ ባልና ሚስት በ1964 ባወጡት ጽሑፍ «ምትክ ልጅ» ስለሚባለው ጻፉ። ወላጅ የሞተ ልጁን ሳያለቅስ ወዲያው ሌላ ሲወልድና አዲሱን በሟቹ ቦታ ሲያስቀምጠው ልጁ የሌላ ሰው ጥላ ሆኖ ያድጋል፣ ይጎዳልም ይላሉ። ያዩት ለሕክምና የመጡ ጥቂት ቤተሰቦችን ነው፤ የተናገሩት ግን ከባድ ነገር ነው፣ አልንቀውም። ይሁንና አንድ ልዩነት አለ። የሟቹ ስም በማይነሣበት ቤት ውስጥ ልጁ የሚተካውን ሰው አያውቅም፤ ሸክሙን ብቻ ይሸከማል። ምትኩ የተባለ ልጅ ግን ገና በእግሩ ሳይሄድ ሰው ሁሉ በስሙ ይነግረዋል፣ ጎረቤቱም እረኛውም። ምስጢር የለም። ከባድ ስም ሊሆን ይችላል፤ የተደበቀ ግን አይደለም። እንደ እኔ ግምት ልጅን የበለጠ የሚጎዳው መተካቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። ይህ የተማሪ ግምት ነው፤ ማስተርስ የምትሠሩ ካላችሁ ግን ጥሩ የጥናት ርዕስ ይወጣዋል።

በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሺምሾን ሩቢን በ1981 ያቀረበው «ባለ ሁለት ሐዲድ» ሞዴል እዚህ ይረዳናል። ሐዘንተኛ በሁለት ሐዲድ ይሄዳል ይላል። አንዱ ኑሮው ነው፦ ይተኛል ወይ፣ ይበላል ወይ፣ ሥራ ገባ ወይ። ሁለተኛው ከሟቹ ጋር ያለው ግንኙነት ነው፤ ይህ በሞት አይቆምም፣ መልኩን ይለውጣል። ማስረሻ የተባለ ልጅ ሲወለድ እናት በመጀመሪያው ሐዲድ ተነሣች፤ ታጠባለች፣ ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች። በሁለተኛው ሐዲድ ግን ልጁን በጠራችው ቁጥር የሞተውን ታስባለች። የሚያስረሳ የተባለው ስም ራሱ ማስታወሻ ነው። እነዚያ ሰዎች ይህን ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም።

መርዶ ሥራ ነው

ማርዳት ማለት የሞትን ዜና ለባለቤቱ ማድረስ ነው። በአገር ቤት ወሬው እንደ ደረሰ አይነገርም። መጀመሪያ ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ይማከራሉ፦ ማን ይንገራት? መቼ? ታማለች ወይስ ደህና ናት? አራስ ናት ወይ? ከዚያ ሰው ይሰበሰባል። የሚነገረው ብዙውን ጊዜ በማለዳ ነው፤ ሌሊቱን ተኝታ እንድታድር፣ ከቤት ወጥታ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ። የሚይዟት፣ የሚደግፏት፣ ውኃ የሚያቀርቡላት ሰዎች ቀድመው ቤቷ ይገባሉ። በማለዳ የማይጠበቁ ዘመዶች በር ላይ ሲታዩ ብዙዎች ቃሉ ሳይነገር ያውቁታል።

እኛ በክፍል ውስጥ ስፓይክስ የሚባል ባለ ስድስት ደረጃ መመሪያ ተምረናል፤ በ2000 የካንሰር ሐኪሞች ያሳተሙት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ቦታውን ማዘጋጀት ነው፦ ጸጥ ያለ ክፍል፣ መቀመጫ፣ የቅርብ ሰው አጠገብ። ይህን ስማር አያቴ ትዝ አለችኝ፤ መርዶ ስትሄድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምትለብሰው በር ከገባች በኋላ ነበር፣ ሐዘንተኛዋ ከሩቅ አይታ እንዳትደነግጥ።

የእስራኤል ኅብረተሰብም መርዶን ያውቃል። ወታደር ሲሞት ሠራዊቱ በስልክ አይናገርም፤ መልእክተኞች ቤት ድረስ ይሄዳሉ። በዜና «ሁታር ለፊርሱም» የሚለውን ስንሰማ ቤተሰቡ አስቀድሞ ተነግሮታል ማለት ነው። ስለዚህ ለአንድ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ነርስ ወይም ሐኪም መርዶን ማስረዳት ካስፈለጋችሁ ከዚህ ጀምሩ፣ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ችግሩ ምንድን ነው? ስልኩ ነው። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ የሞት ዜና በዋትስአፕ ቡድን ሽማግሌ ሳይሰበሰብ ይደርሳል። አንዱ የአጎት ልጅ ፎቶውን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፣ እናታችሁም በሥራ ቦታ እረፍት ላይ ስልኳን ትከፍታለች። ሁለተኛው ችግር ደግሞ የእኛ ዕድሜ ሰዎች ብቻ የምናውቀው ነው። ከሆስፒታል ሲደወል የሚነሣው ዕብራይስጥ በሚችለው ልጅ ስልክ ነው። የ22 ዓመት ልጅ ቀድሞ ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹ እስከ ነገ ጠዋት ዝም በል ይሉታል፤ ማታ ከእናቱ ጋር እራት ይበላል፣ ስለ ፈተናው ይጠየቃል፣ ይመልሳል። በአገር ቤት መርዶውን ቀድሞ ማወቅ የሽማግሌ ሸክም ነበር። እዚህ የልጅ ሆኗል። ስለ መርዶ የተጻፉ ጽሑፎች ሐዘንተኛውን ያያሉ፤ ይህን ልጅ ማየት ያለብን እኛ ነን።

መርዶ ይቅር የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ ማንም አዋቂ የራሱን ዜና የማወቅ መብት አለው ይላሉ። ነገሩ ባዶ አይደለም። እዚህ ቀብር በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው፤ የዘገየ መርዶ ሰውን ከቀብር ሊያስቀረው ይችላል። ግን መርዶ መደበቅ አይደለም። መርዶ ቀጠሮ ያለው እውነት ነው። ድሮ ቀጠሮው ለዓመታት ሊረዝም ይችል ነበር፤ ቤተሰብ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ በነበረበት ጊዜ የሞት ወሬ በደብዳቤ አይላክም ነበር። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣ ለብዙ ቤተሰብ መቀበያው እልልታም መርዶም ነበር። ዛሬ ቀጠሮው ሰዓታት ነው። ይጠር፣ ግን ይኑር። ቢያንስ ሁለት ሰው፣ በአካል፣ በተቀመጠችበት። በገዴራ ያሉ ቤተሰቦች የዋትስአፕ ቡድናቸው ላይ «ሳይረዳ አይለጠፍ» የሚል ስምምነት ቢያደርጉ ምንም አያስከፍላቸውም።

ሕጉ ምን ይላል

ሞት ሳይመጣ፣ በሽታው ሲከፋስ? ቤተሰብ ለሐኪሙ «ለእሱ እንዳትነግረው፣ ተስፋ ይቆርጣል» ይላል። የ1996 የበሽተኛ መብት ሕግ መረጃውን ለበሽተኛው ራሱ ይሰጣል። ሐኪም መረጃ ሊያስቀር የሚችለው መነገሩ በበሽተኛው ላይ ከባድ ጉዳት ያመጣል ሲልና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲያጸድቀው ነው፤ የልጅ ወይም የሚስት ልመና ብቻውን አይበቃም። በ2005 የወጣው በሞት አፋፍ ላይ ስላለ በሽተኛ የሚናገረው ሕግ ደግሞ ሰው ገና በጤናው ሳለ ወደፊት ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልግና እንደማይፈልግ በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ፣ ወይም የሚወስንለትን ሰው እንዲሾም ይፈቅዳል። ይህን ወረቀት የሞላ ሽማግሌ በሠፈሬ አላጋጠመኝም። ስለ ራስ ሞት መናገር ሟርት ይመስላልና። ነገር ግን አባቶቻችን ሳይሞቱ መናዘዝ ያውቁ ነበር፤ ሽማግሌ ጠርተው መሬቱ ለማን፣ በሬው ለማን፣ ዕዳው ከማን እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ፎርሙን «ኑዛዜ» ብላችሁ ብታስረዱ የሚሰማችሁ ይገኛል።

ስለ ትርጉምም አንድ ነገር። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ተደራሽ ማድረግ አለባቸው። ስለዚህ ለአባታችሁ «ካንሰሩ ተሰራጭቷል» የሚለውን እናንተ መተርጎም የለባችሁም። ተርጓሚ ጠይቁ። ልጅ ሆናችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።

ስለ ለቅሶም ሠራተኞች ይሳሳታሉ። ደረት መድቃት፣ መውደቅ፣ ሙሾ ማውረድ በሆስፒታል ኮሪደር ላይ እንደ ሁከት ወይም እንደ ቀውስ ይታያል፤ አንዳንዴ ማረጋገጫ ኪኒን ይዘው ይመጣሉ። ሙሾ ግን ሥርዓት አለው፤ አውራጅ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ የሟቹን ታሪክ ይናገራል፣ ይጀመራል፣ ያበቃል። በጸጥታ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሐዘንተኛ ትሆናለች ይበልጥ የምታሳስበው።

የመሴ መቃብርና የረባን ገምሊኤል ከፈን

ቤተ እስራኤል ስለ ሞት የራሱ መጽሐፍ አለው፤ «ሞተ ሙሴ» የሚባል በግዕዝ የተጻፈ ነው፣ ያዕቆብ ፋይትሎቪች በ1906 በፓሪስ አሳትሞታል። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሙሴ የመሞቻው ቀን እንደ ቀረበ ሲያውቅ ስለ ልጆቹ ያለቅሳል፤ ማን ያሳድግልኛል ይላል። እግዚአብሔር ባሕሩን በበትሩ እንዲመታ ያዘዋል፤ ድንጋይ ይወጣል፣ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ትል አለ፣ ትሉም ሳይረሳኝ የመገበኝ ይባረክ ይላል። ለትሉ ያሰበ ለልጆችህ አያስብም ወይ ማለቱ ነው። ከዚያ ሙሴ መቃብር የሚቆፍሩ ወጣቶች ያገኛል። የማን ነው ሲላቸው እግዚአብሔር የሚወደው ሰው ነው ይሉታል። ቁመቱ እንዳንተ ነውና ግባና ለካልን ሲሉት ይገባል፤ መልአከ ሞትም እዚያ ያገኘዋል።

እኔን የሚገርመኝ የትሉ ነገር ነው። ሙሴ እሞታለሁ ብሎ ብቻ አላለቀሰም፤ የሚያለቅሰው ለሚቀሩት ነው። በሥራ ልምምድ ላይ የምሰማውም ይህንኑ ነው፦ በጠና የታመመች እናት ስለ ሕመሟ ሳይሆን ስለ ታናሽ ልጇ ሠርግ ትጠይቃለች። ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ በ1969 መጽሐፏ ላይ ያስቀመጠቻቸው አምስት ደረጃዎች፣ እኛ ለሐዘንተኛ ሁሉ የምንለጥፋቸው፣ የወጡት ከእንደነዚህ ዓይነት በሞት ላይ ካሉ ሰዎች ጋር ከተደረገ ንግግር ነው። ለሟች ቤተሰብ የተሠራ ሰዓት አይደለም።

ከያቭኔም የምንማረው አለ። ከቤተ መቅደሱ ጥፋት በኋላ የጠቢባን ጉባኤ መሪ የነበረው የያቭኔው ረባን ገምሊኤል ነው። ታልሙድ በሞዔድ ቃጣን እንደሚተርከው በቀድሞ ዘመን የቀብር ወጪ ለዘመድ ከሞቱ ይልቅ የከበደ ነበር፤ አስከሬኑን ጥለው የሚሸሹም ነበሩ። ረባን ገምሊኤል እኔን በተራ የተልባ እግር ልብስ ቅበሩኝ አለ፤ ሕዝቡም እሱን ተከተለ። እስከ ዛሬ ሀብታምም ድሃም በአንድ ዓይነት ነጭ ከፈን የሚቀበሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህን የማነሣው ስለ ተዝካር ነው። በአገር ቤት ተዝካር እንጀራና ጠላ ነበር፣ ጎረቤት እህል ይዞ ይመጣ ነበር፣ ቄሶች ይጸልዩ ነበር፣ ሟቹ እየታሰበ ድሃው ይበላ ነበር። እዚህ ቀብሩን ቢቱዋሕ ሌኡሚ ይከፍላል፤ ተዝካሩ ግን አዳራሽ፣ በሬ፣ በመቶ የሚቆጠር እንግዳ፣ ከዚያም የባንክ ብድር ሆኗል። በጽዳት ሥራ የምትኖር እናት የባሏን ተዝካር ዕዳ ለሁለት ዓመት ስትከፍል ማየት ከባድ ነው። እኔ ተዝካር ይቅር አልልም። ሰባቱ የሺቭዓ ቀናት ለመጀመሪያው ሐዲድ ናቸው፤ ተዝካሩ ለሁለተኛው ነው፣ የሞተው ሰው በዓመቱ እንደገና ሰው ይሰበስባል፣ ያበላል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ግን በየሠፈሩ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ብቻ «የእኔን ተዝካር በግቢዬ አድርጉት» ብሎ ቢናዘዝ ሌላው ይከተላል። ከያቭኔ ታሪክ የተማርኩት አንድ ሰው እንደሚበቃ ነው፤ ያ ሰው ግን መከበር አለበት፣ አለዚያ «ድህነቱ ነው» ይባላል።

መቃብር የሌላቸው

በሱዳን መንገድና በኡም ራኩባ በመሳሰሉ ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ በጥድፊያ፣ ማንነታቸውን ለመደበቅ፣ ያለ ሥርዓት ተቀብረዋል። ኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 19 አስከሬን የነካ ሰባት ቀን ርኩስ እንደሚሆን ይናገራል፤ በመንደር ይህን አጥብቀው የጠበቁ ሰዎች፣ ተለይተው የሚቀመጡበት ቤት የነበራቸው፣ በካምፕ በአንድ ድንኳን ከሟች ጋር አድረዋል። ስለዚህ በእነዚያ ሰዎች ላይ ሁለት ሐዘን አለ፦ የሞቱት፣ እና እንደ ሕጋቸው ያልቀበሯቸው። ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ አስከሬን ወይም መቃብር የሌለበትን ሐዘን ያልተቋጨ ሐዘን ትለዋለች፤ መርዶ አለው፣ መጨረሻ የለውም።

በሄርጽል ተራራ ኢየሩሳሌም ለእነሱ መታሰቢያ ቆሟል፤ በየዓመቱ በ28 በኢያር፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ሥርዓቱ ይከናወናል። ከቂርያት ማልአኪና ከገዴራ አውቶቡስ ሞልተው የሚሄዱ ሽማግሌዎች ሲመለሱ ፊታቸው የተለየ ነው። እናቴ የምትለው፣ «ለቅሶ ደርሰን መጣን።» ከአርባ ዓመት በኋላ።

በዚህ ሴሚስተር ለቤተሰባችሁ የዘር ሐረግ የምትሥሉ ካላችሁ፣ ለአያቶቻችሁ «ስንት ልጅ ወልዳችኋል?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ በሕይወት ያሉትን ብቻ ይቆጥሩላችኋል። «ከማስረሻ በፊት ማን ነበረ?» ብላችሁ ጠይቁ። በጠዋት ጠይቁ፣ ቡና እየተፈላ፣ ሌላ የቤተሰብ ሰው አጠገብ ሳለ። ስሙን ሲነግሯችሁ በአማርኛ ፊደል ጻፉት፤ በዕብራይስጥ ፊደል አናባቢው ስለሚጠፋ ከአንድ ትውልድ በኋላ ማንም በትክክል አያነበውም። ሱዳን ላይ የቀረ ከሆነ የካምፑን ስምና አብረው የነበሩትን ሰዎች ስም ከጎኑ ጻፉ።